አራት ማዕከል ያለው ሰፈር

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩዎት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ስድስት ዓመት በእርስዎ ሥር ሠርቻለሁ፤ መጠይቅ አሞላልን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን ስምዎ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

አምና በየሰፈሩ ያሉትን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስንመዘግብ፣ በአንድ ሰፈር አካል ጉዳተኛ ልጆችን ቀን ቀን ያውላሉ ከተባሉት አራት ማዕከላት ሦስቱ እንደሌሉ ነግሬዎት ነበር። አንዱ ጎማ ቤት ሆኗል። የሁለተኛው ደጃፍ ሣር በቅሎበታል። ሦስተኛውን ጎረቤቶቹ እንኳ አያስታውሱትም። እርስዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ «ክፍት ቦታ ያለበት ሪፖርት አልልክም፤ የድሮውን ገልብጪና ሙዪው» አሉኝ።

ሞላሁት። አልክድም፣ የጻፈው የኔ እጅ ነው። ፈርመው የተጨበጨበልዎት ግን እርስዎ ነዎት።

የከተማው አስተዳደር ሪፖርታችንን አምኖ፣ አራት ማዕከል ላለው ሰፈር ሌላ አያስፈልገውም ብሎ ወሰነ። እዚያ ሊሠራ የታሰበው አዲስ ማዕከልም ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

ከዚያ ያቺ ልብስ ሰፊ ቢሮ መጣች። መራመድ የማትችል የአሥር ዓመት ልጇን አዝላ፣ የኛን ዝርዝር ይዛ፣ አራቱንም አድራሻ በእግሯ አዳርሳ ነበር። ክፍት ሆኖ ያገኘችው አንዱም ሞልቷል ብሎ መልሷታል። እርስዎ ድምፅዋን ሲሰሙ በጓሮ ወጡ፤ አይቼዎታለሁ። እሷ ልጇን ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«እህቴ፣ እነዚህ ቦታዎች ሄዳችሁ ነበር?»

«ሄጄ ነበር። ሦስቱ ዝግ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አሉ አላችሁ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ በዝርዝራችን ያሉትን ሠላሳ ስምንቱንም ድርጅቶች እንደገና በር በበር ዞርኳቸው። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዳዘዘኝ፣ እኔም አፌን ይዤ እንደታዘዝኩ ጨምሬ ለአስተዳደሩ አስገባሁ። እርስዎ ደግሞ ስለ እኔ «ልጅቷ ጤና የላትም» እያሉ ማስወራትዎን ሰምቻለሁ። ያስወሩ።

ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ታዟል። ሐሙስ ጠዋት ሁለታችንም ቀርበን እንጠየቃለን። እንጀራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ይሁን። ልብስ ሰፊዋም ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ነኝ የጠራኋት። የሚሉት ካለዎት ለእሷ ይበሉ። እኔ አጠገብ ግን እንዳይቀመጡ።

ታዛዥዎ የነበረችው