በቁምህ ተላጭተንልሃል

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ካትሌሆ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ደረትህ፣ ጉልበትህ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርህ ሳልህስ? የማዕድን ጉድጓዱ ሥራስ፣ እንቅልፉስ፣ አብረውህ የሚያድሩት ጓደኞችህስ እንዴት ናቸው? ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር ይህን እንደሚደረድር አውቃለሁ፤ እኔም እስከ ዛሬ ስደረድርልህ የኖርኩት ለወጉ ያህል ነበር። ዘንድሮ ግን የምጠይቅህ የምሬን ነው። እንደምን ነህ? አለህ ወይ? እባክህ ከዚህ መስመር ሳታልፍ ደረትህን ዳብሰህ ለራስህ መልስ።

እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፣ እማዬ ደህና ናት፣ እህታችን ሊኬሌሊ ደህና ናት፣ አጎታችን ሞኬቴም ደህና ናቸው። ከብቶቹም ደህና ናቸው፤ በዚህ ቤት ጸጉር የቀረላቸውም እነሱ ብቻ ናቸው። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ጋሼ፣ ሞተሃል ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ተላጭቶልሃል። እንዲህ ሳፈርጠው እንዳትደነግጥ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሽ ደግሞ ያንተ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የእኔን ጸጉር መቼም ታስታውሳለህ። ሌላው ማሳ አለው፣ ሌላው ፈረስ አለው፣ እኔ ጸጉር ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ በዝናብ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ ካደረቅሁት በኋላ ቫዝሊን በመዳፌ አሙቄ ከሥሩ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ጥርሱ ረጃጅም በሆነው የሽቦ ማበጠሪያ ወደ ላይ እያነሳሁ አበጥረዋለሁ፣ በስተግራ በኩልም በምላጭ መስመር አወጣለታለሁ። ስተኛ እንዳይደፈጠጥ የእማዬን አሮጌ ስቶኪንግ አጠልቅበታለሁ። አባባ በስቶኪንጉ ባዩኝ ቁጥር "ይሄ ልጅ ሊተኛ ነው ወይስ ባንክ ሊዘርፍ?" ይላሉ።

እሳቸውስ ቢሆኑ! ከመጨረሻው ዕቃህ ጋር የላክህላቸውን ጥቁር ማበጠሪያ ከኮታቸው ኪስ ለይተዋት አያውቁም። ጠዋትና ማታ ሽበታቸውን በእሷ ወደ ኋላ ያስተኙታል፤ ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ መጀመሪያ ማበጠሪያዋን መዝዘው አንድ ጊዜ ሳብ ሳያደርጉ አይመልሱም። አጎታችን ሞኬቴማ ጸጉራቸውን በጫማ ቀለም እንደሚያጠቁሩት አገር ያውቃል፤ ማንም ያላወቀባቸው የሚመስላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ሠርግ ሲጨፍሩ ላባቸው ጥቁር ሆኖ ወርዶ ነጩን ሸሚዛቸውን የሜዳ አህያ አስመስሎት ነበር። እና የጸጉር ጣጣ በዚህ ቤት የእኔ ብቻ እንዳልነበር ይታወቅልኝ።

ወደ ነገሩ ልግባ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በዚያ ሰሞን ፎቶ ሊነሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ የምቆመው ከፊት ነው። የማፌቴንግ ከተማ ጎረምሶች ጸጉራቸውን በቅባት አስጠምጥመው፣ አብለጭልጨው፣ እያንጠባጠቡ ሲሄዱ አይቼ ቀናሁ። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት ከተማ ወርጄ ሴሎ የሚባል ጸጉር ቆራጭ ጋ ተቀመጥኩ። ለፎቶው ልምምድ ብዬ ሁልጊዜ የምደርበውን ብርድ ልብሴን ቤት ትቼ በኮት ነበር የሄድኩት። ባርኔጣ እንደሆነ ጸጉሬን ይጫነዋል ብዬ ኖሮኝም አያውቅ።

ሴሎ ነጭ ቅባት ራሴ ላይ ለቀለቀና "ሩብ ሰዓት ብቻ፣ እንዳትነካካው" ብሎኝ ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሊሰማ ጎረቤት ሱቅ ገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሴ መለብለብ ጀመረ። ብጣራ "አቃጠለህ? እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ወንድ ሁን እንጂ!" ብሎ ከዚያው ጮኸልኝ። ወንድ ሆንኩ። እረፍት እስኪወጡ ወንድ ሆንኩ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ግን እንባዬ መጣና እየሮጥኩ ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ራሴን ሲያጥበኝ ውሃው ወረደ፣ ጸጉሬም አብሮት ወረደ። ሴሎ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ "ጎሉን ባታስመልጠኝ ኖሮ..." ብሎ ምላጭ አነሳ። ከዚያ ቤት የወጣሁት እንደ እንቁላል ሆኜ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጎን ብቀመጥ ጥሩ ነው? ከጎረቤታችን ከእማማ ማሊኔዎ! ራሴን አዩ። ዓይኔን አዩ፤ ቅባቱ አቅልቶት እንባዬ እየወረደ ነው። ዘንቢላቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና "ፔሎ ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?" አሉኝ። ከእፍረቴ የተነሳ "እባክዎ እማማ፣ አሁን አይጠይቁኝ" ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። እንግዲህ በእኛ አገር በምላጭ የተላጨ ራስና እንባ አንድ ላይ ሲታዩ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ከእኛም ውስጥ ከቤት ውጭ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። መንደር ስንደርስ እማማ ማሊኔዎ በዚያ ዕድሜያቸው ቀድመውኝ ሲሮጡ እያየሁ ምን ነካቸው አልኩ እንጂ ነገሩ ጨርሶ አልመጣልኝም።

ቤት ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ወዲያው ከውጭ ለቅሶ ሰማሁ። እማዬ ናት፤ "ጸጉሩ፣ ያ ጸጉሩ!" እያለች ደረቷን ትመታለች። ጋሼ፣ አትሳቅብኝና፣ ለእኔ ጸጉር የምታለቅስ መስሎኝ ሆዴ ባባ። ሁልጊዜ "እሱን ጎፈሬ ቁረጠው" የምትለኝ ሴት ለካ በልቧ ትወደው ኖሯል አልኩ። ትንሽ አበዛችው ብዬም አስቤ ነበር። ቆይቶ አጎታችን ሞኬቴ ገቡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው "አይዞህ ልጄ። አንተን ብቻህን አናስቀርህም፤ ጠዋት ሁላችንም እንላጫለን" አሉኝ። "አጎቴ፣ ለእኔ ስትሉ? ኧረ አይገባም!" ብላቸው "ወግ ነው" ብለው ወጡ። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ማን አለው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም በራሳቸው ሐዘን ተይዘው ማንም እኔን ሊጠይቀኝ አልደፈረም። እማዬ "አስከሬኑ ሳይመጣ እንዴት እንላጫለን?" ብላ ነበር። አጎታችን ግን እንደምታውቃቸው ነገር ማዘዝ ከተገኘ ዕድሜ ይቀጥልላቸዋል። "ወንድሙ ከተላጨ ቀብሩ አልፏል ማለት ነው፤ እኛ ነን በጎፈሬያችን ስንንጎማለል የዋልነው" ብለው አሳመኗቸው። ጎህ ሲቀድ ጀመሩ። ሴቶቹ ከጓሮ እማዬንና ሊኬሌሊን ላጩ፤ ሊኬሌሊ ጸጉሯን ገና ከሁለት ቀን በፊት ነበር የተሠራችው። አጎታችን ተላጩ። አባባ "እኔ መጨረሻ ልሁን" ብለው ማበጠሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር።

እኔ ስነሳ ግቢው ሰው ሞልቶታል። በግ ታስሯል፣ የማሽላ ጠላ በእንስራ ተደርድሯል፣ አባባ በርጩማ ላይ ሆነው ግማሽ ራሳቸው ተላጭቷል፣ አጎታችን ምላጭ ይዘው ከበላያቸው ቆመዋል። እማዬን ባዶ ራሷን ሳያት ክው አልኩና "ማን ሞቶ ነው?" አልኩ።

አጎታችን ምላጩን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ "ምን ማለትህ ነው? አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው!" አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ስለ ቅባቱ፣ ስለ ሴሎ፣ ስለ ኳሱ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከበስተኋላ ነው የተነሳው። እማማ ማሊኔዎ ፊታቸውን በብርድ ልብሳቸው ሸፈኑ። አጎታችን ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥሉ ዙሪያቸውን ፈለጉ። አባባ ግማሽ ራሳቸውን ዳበሱና "እንግዲህ በግማሽ የት እወጣለሁ? ጨርሰው" አሉ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እየሳቀችም እያለቀሰችም ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞረችኝ። በጉም አንዴ ታስሯልና ለአንተ ጤና ብለን በላነው። ጣፋጭ ነበር፤ ለቀብርህ የሚሆን በግ ሲመርጡ አልሰሰቱብህም።

ግን ጋሼ፣ ከመብላታችን በፊት አንድ ነገር ሆነ። እማዬ መሮጡ ደክሟት ቆመችና "ታዲያ ልጄ ደህና ነው ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ለካ አላውቅም። አባባን አየሁ፣ አባባ መሬቱን ያያሉ። ከአንተ የመጣው የመጨረሻ ደብዳቤ ያምናው ፋሲካ ነው። ዓመት ከመንፈቅ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሳመነው የእኔ ራስ አልነበረም ወንድሜ፤ አንድም ሰው "ኧረ ሰሞኑን ጽፎ ነበር" ሊል ስላልቻለ ነው። ትንሽ ደግሞ ያንተ ነው ያልኩህ ይህንን ነው። አዝኜብሃለሁ፤ መደበቅ አልችልበትም።

መንደሩ ብዙ ያወራል። እዚያ ሚስት አግብቷል ይላሉ፤ ከሥራ ወጥቷል፣ ታሟል፣ ታስሯል የሚሉም አሉ። ከእነዚህ አንዱ እውነት ቢሆን እንኳ ጻፍልን። አትፍራን። ተናደን የምንነጨው ጸጉር የለንም።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የእማማ ማሊኔዎ ልጅ ነው። ሥራው ከአንተ ማዶ ባለው ጉድጓድ ቢሆንም እናቱ "እኔ የገደልኩትን ሰው አንተ ፈልገህ አግኝ" ብለው አስምለውታል፤ እጅህ ላይ ሳያደርሰው አይመለስም።

ሰላምታውን እንግዲህ ተቀበል። አጎታችን ሞኬቴ ሰላም ይሉሃል። ሦስት ሳምንት ሆነውና ጸጉራቸው ብቅ ብሏል፤ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። አርባ አምስት ዓመቴ ነው ብለዋት የነበረችው መበለት አይታ "ለራስዎ ነው የተላጩት?" አለቻቸው አሉ። ሊኬሌሊ ሰላም ብላሃለች፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም፣ ጨው እንኳ የምትጠይቀኝ በድመቷ በኩል ነው። እማማ ማሊኔዎ ስለሞትህ ይቅርታ ጠይቀውሃል። አባባ ሰላም ብለውሃል። ትናንት በር ላይ ተቀምጠው ማበጠሪያህን ከኪሳቸው አውጥተው በዚያ ገና ባዶ በሚመስለው ራሳቸው ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሲስቡ አየኋቸው። እኔን ሲያዩ ወደ ኪሳቸው መለሷት፤ እኔም ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

እማዬ ሻሿን ማሰር አሻፈረኝ ብላለች። "መጥቶ ዝምታው ያደረገኝን ይይ" ትላለች። ያን ለት ጸጉሩ እያለች የምታለቅሰው ከማጅራትህ በላይ አብራህ ለተወለደችው ለዚያች ነጭ ቁንጮ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ሆና "ደብዳቤ ማንም ሊጽፍ ይችላል፤ ከእሷ ቆንጥሮ በፖስታ ይላክልኝ፣ ያን ጊዜ አምናለሁ በለው" አለችኝ። አባባ ግን ከወዲያ ሆነው ተቆጡ። "የልጄ ጸጉር በሰው እጅ አይዞርም" አሉ። "ለገና በራሱ ላይ አድርጎ ያምጣት፤ እንደዚያ ብለህ ጻፍለት።"

እንደዚያ ብዬ ጽፌልሃለሁ። ብቻ ጋሼ፣ በሞትኩት፣ ስትመጣ ከተማ ጎራ ብለህ ተላጭተህ እንዳትመጣብን።

ታናሽ ወንድምህ ፔሎ

ሃ ሌቱካ፣ ማፌቴንግ፣ ሌሶቶ
ኦክቶበር 24 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.