የእማ እጅ፣ የኔ ልብ

ጥር 27
ከዒድ በኋላ ወደ ሥራ። ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ነው መቀስ የጨበጡልኝ። ዘጠኝ ዓመት የመገጣጠሚያ ሕመም... መቼ ለመድኩት? ጦርነት ያፈረሰው ትምህርት ቤት ታድሶ ሊከፈት ነው፤ ሁለት መቶ ዩኒፎርም አዘዙኝ። አልሐምዱሊላህ። ሁለት ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ቀኑ አለፈ።

ጥር 30
ከሐርጌሳው ትልቅ ገበያ ከዋሄን አንድ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ስመጣ ሁለቴ ቆምኩ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ነው የመሰለኝ። ክብደቱ ነው...

የካቲት 2
ክብደቱ አይደለም። ዛሬ ባዶ እጄን ነበርኩ። ከገበያ ወደ ቤቴ፣ ወደ 26 ጁን ሰፈር ስመለስ ደረቴ ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ መንጋጋዬ ወጣ፣ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ። ግንበኞች የደረደሩት ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ላብ በላብ። ጎረቤቴ ኡባህ፣ እሷም ልብስ ሰፊ ናት፣ አይታኝ እየሮጠች መጣች።
"አባዮ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል!" አባዮ፣ በሶማልኛ እህቴ... ሁሌም እንዲያ ነው የምትጠራኝ።
ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። ለባሌ ለጀማሉዲን "ያው ሪሁ ነው" አልኩት። ለምን ዋሸሁት?

የካቲት 3
ክሊኒክ። ነርሱ ሳይነካኝ "ጨጓራ ነው" ብሎ ሽሮፕ ጻፈልኝ። ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ እማ ትዝ አለችኝ። ጣቶቿ እንደኔ የተጣመሙ... በሃምሳ አንድ ዓመቷ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። በቃ። "ድንገተኛ ነው" ተባለ። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።
ተመለስኩ። "ዶክተር ሳያየኝ አልሄድም" ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት።
ዶክተር ዓኒሳ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል፤ እንደ ድሬ ልጅ ገና ሳታውቀኝ አንቺ አለችኝ። ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፋ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ አነሳችኝ። ወረቀቱን ብዙ አየችው።
"ዳገት ስትወጪ ይይዝሻል? ስታርፊ ይለቅሻል?"
"አዎ።"
"ጨጓራ አይደለም። ለልብሽ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ጠቧል።"
"እኔ እኮ በሽታዬ የመገጣጠሚያ ነው።"
"አዎ፣ ከሱ ጋር ይያያዛል። እጅሽን የሚያሳብጠው ነገር እጅሽ ላይ አይቀርም። በደም ይዞርና የደም ሥርሽንም ከውስጥ ይጎዳል። እንዳንቺ ያለ ሰው ልቡም መታየት ነበረበት... ሁሉም ግን ጣቱን ብቻ ነው የሚያይለት።" ቀጠለችና "ማስታገሻውንስ በቀን ስንት ትወስጃለሽ?" አለችኝ።
"አራት... አንዳንዴ አምስት።"
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሱም ለልብ መጥፎ ነው፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው።"

የካቲት 4
ለጀማሉዲን ሁሉንም ነገርኩት።
"ስፌቱን ተይው። እኔ አለሁልሽ።"
"አልተውም። ጨርቁን ግን አንተ ትሸከማለህ።"
ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

የካቲት 8
ሰኞ። ዶክተር ዓኒሳ ያዘዘችልኝ የመገጣጠሚያው መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ብቻ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ መውሰድ ይገድላል ብላኛለች፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። የልቡና የግፊቱ በየቀኑ። ማስታገሻው የለም... ጣቶቼ ተቃጠሉ። አምስት ቁልፍ ብቻ ተክዬ አለቀስኩ። የድሮው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ አለ። አውጥቼ ሽንት ቤት ጣልኩት።

የካቲት 20
ድሬዳዋ ላለችው ታናሽ እህቴ ለፈትሂያ ደወልኩ። የሷም ጣቶች ከአምና ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይደርቃሉ። አንድ በአንድ ነገርኳት።
"ደግሞ ልብ አመጣሽ? የቤታችን ሪህ ነው፣ በቃ።"
"እማም እንደዚያ ነበር የምትለው።"
"እማን ተያት! አጀሏ፣ ቀኗ ደርሶ ነው።"
"አጀልማ የአላህ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ግን የኛ ነው።"
ዘጋችብኝ።

የካቲት 28
ፈትሂያ ስልኬን አታነሳም።

መጋቢት 14
ዶክተር ዓኒሳ ጋ ነበርኩ። ግፊቴ ወርዷል። ደረቴ ከያዘኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፈትሂያን ለማየት ድሬዳዋ ልሂድ ስላት አሰበችና "ቀስ እያልሽ፣ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ" አለችኝ።
የቀሩትን ሰባ ዩኒፎርሞች ለኡባህ ሰጠኋት። የያዝኩትን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። ከበደኝ። እሷ ግን ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ፣ "ሂጂ አባዮ!" አለችኝ።

መጋቢት 17፣ ድሬዳዋ
ሁለት ቀን መኪና። ወገቤ ቢቆረጥም ደረቴ ደህና ነው። ፈትሂያ በሩን ከፍታ ፈዝዛ ቀረች። አልተከራከርኳትም። እጄን ከእጇ አጠገብ ዘረጋሁት። ያው እብጠት...
"ደረጃ ስትወጪስ?" አልኳት።
ወደ መሬት እያየች፣ "ደረቴን መያዝ ከጀመረኝ ሁለት ወር ሆነኝ" አለችኝ።

መጋቢት 18
ግፊቷ መቶ ሰማንያ በመቶ አስር። ኢሲጂ ተነሳች፣ ደም ሰጠች፣ መድኃኒት ተጻፈላት። ሐኪሙ "ሳይረፍድ ነው የመጣችሁት" አለን። ስንመለስ መንገድ መሃል ቆመች።
"እማም እያመማት ነበር ማለት ነው?"
"ማን ጠየቃት..."
ሰው እያየን ተቃቅፈን አለቀስን። ይይ፣ እማ።

መጋቢት 28
ነገ ወደ ሐርጌሳ። ፈትሂያ ለሳምንት ደረቷን አላመማትም። ሐኪሙ ትናንት ትንሽ ትንሽ እንድትራመድ ፈቀደላት፤ ያኔውኑ "ሰው ምን ይለኛል" እያለች እስከ መንገዱ ጫፍ ጎትቼ ነበር ያደረስኳት። ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ለእግር ጉዞ ልቀሰቅሳት ስሄድ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።
"ዘገየሽ" አለችኝ።