የአቶ ታረቀኝ «ተከራይ» የነበረችው የካሳነሽ ቃል

እኔ ካሳነሽ ጅግሶ፣ የዲላ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ይህን ኑዛዜ እሰጣለሁ። ሆዴ ውስጥ እባጭ ስለተገኘ ነገ ለቀዶ ሕክምና ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። ከአቶ ታረቀኝ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ሴት ይህን ስትል የማያምን ቢኖር አልቀየመውም።

ከእኚህ ሰው ጋር ያለ ሠርግ፣ ያለ ፊርማ እንደ ባልና ሚስት ኖርን። አምና ግንኙነታችን በሕግ ይፍረስልኝ ብዬ ብከስ «ተከራዬ ናት» ብለው ማሉ። ወይ ተከራይ! ያከራዩን ሸሚዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚያጥብ ተከራይ ያየ አለ? ፍርድ ቤቱ አብሮ መኖራችንን አረጋግጦ በዚያው ውሳኔ አፈረሰው። በአንድ ጠዋት ተዳርኩም፣ ተፈታሁም፤ ድግስ እንኳ አላስወጣሁ። የጓሮው ቤት ለእሳቸው፣ ሁለት ክፍልና የመንገድ ዳሩ ሱቅ ለእኔ ደረሰ።

አንደኛ፦ ሁለቱን ክፍል ለሩሃማ ሰጥቻለሁ። ባልወልዳትም ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት ልጄ ናት። ያለ ኑዛዜ ብሞት ሁሉን የሚወስደው ኮንጋ የሚኖረው ወንድሜ ነው፤ ታመምኩ ስለው ስልኩ አይሠራም፣ ስሞት ግን ቀድሞ ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ ሱቁን ለአቶ ታረቀኝ ተናዝዣለሁ። ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ካልቆሙ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም። ደግሞም እወዳቸው ነበር። ምን ላድርግ?

ሦስተኛ፦ ሩሃማ ልጄ፣ «ፍቅር ካለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድ ከመጣ በመጣበት መልሺው።

እዚህ ላይ ችግር ገጠመን። ሕጉ አራት ምስክር ይላል፤ ያሉት ግን ጸሐፊውን ጨምሮ ሦስት ናቸው። አራተኛ ይሆናሉ ያልናቸው አቶ ይርጉ ከጨለለቅቱ ሲመጡ ሞተራቸው መንገድ ላይ ተበላሸ፤ ሌላው ጎረቤቴም ቡና ለቀማ ወጥቷል። ሩሃማ «እኔ ልፈርም» ብትል ጸሐፊው ፈድሉ «ምስክር የሆነ ሰው የተናዘዙለት ይሰረዝበታል» አላት። ሊጠይቁኝ ሾርባ ይዘው መጥተው በር ላይ የተቀመጡት አቶ ታረቀኝ ይኸኔ ተነሡ።

«እኔ እፈርማለሁ።»

«ጋሼ፣ ሱቁ ይቀርብዎታል እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ጻፍ።»

«ለተናዛዧ ምኗ ነዎት ልበል?»

«ባሏ ነበርኩ» አሉ።

ታሬ፣ ይህችን ቃል ለማውጣት ይህን ሁሉ ዓመት? እሺ፣ ይጻፍ። ሁለተኛው ተራ ቁጥር ተሰርዟል፤ ሱቁም ለሩሃማ ይሁን።

ቃሌ በአራቱም ፊት ተነቦልኝ አጽድቄዋለሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንባዬ ስላበላሸው ፈድሉ እንደገና ገልብጦታል።

ተናዛዥ፦ ካሳነሽ ጅግሶ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ሲሞን በራሶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ (ፊርማ)
ነስሩ ከድር፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ፈድሉ ሸምሱ፣ ጸሐፊ (ፊርማ)
ታረቀኝ ሽፈራው፣ ባል የነበሩ (ፊርማ)