ከእጅሽ ካልሆነ የማያድን መድኃኒት

ከድጃ፣

በድለሽኛል። የልጃችንን ልጅ በሽታ ከእኔ ደብቀሽ ኖርሽ፤ እንደደበቅሽም ሞትሽ። ሰላምታ ያላስቀደምኩት ረስቼ አይደለም፤ ይኼ ሳይባል ሌላው ከአፌ ስለማይወጣልኝ ነው። አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን፣ አላህ ይርሀምሽ። ከቀበርንሽ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። አንቺ የለቀለቅሽው ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ ሌላ እጅ እንዲነካው ስላልፈለግኩ እንዲሁ ቆሟል። ቀዩን ወይፈን ሰንበቴ ገበያ ወስጄ ሸጥኩት። መዲና አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። ቁመቷ እናቷን አክሏል፤ ሰውነቷ ግን ገና የልጅ ነው።

በየወሩ ልጅቷን ይዘሽ ከሚሴ ስትሄጂ እህትሽን ልትጠይቂ ይመስለኝ ነበር። ለእህትሽ የሚሆነውን ቅቤ ተሸክሜ ጨፋ ሮቢት መኪናው ድረስ የምሸኛችሁ እኔው ነበርኩ። ለልጅቷ ደግሞ፣ ክኒኑ የሼኹ ዱኣ ያረፈበት ነው፣ ከእኔ እጅ ካልሆነ አያድንም፣ ለአባባም እንዳትነግሪ እያልሽ አሳደግሻት። አመነችሽ። ስለዚህ አንቺ ስትሞቺ መድኃኒቱም አብሮሽ የተቀበረ መሰላት። ማንንም ሳትጠይቅ ተወችው። ስትከሳ እኔ ሐዘን ነው አልኩ።

ሳሉ ሲበረታባት ከሚሴ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ገና ከበሩ ስንገባ ነርሷ በስሟ ጠራቻትና አያትሽስ የት አለች አለቻት። ሚስቴ የደበቀችኝን፣ ልጅቷ ከእናቷ ኤች አይ ቪ ይዟት እንደተወለደች፣ ከማላውቃት ሴት ሰማሁ።

ያቃጠለኝ ግን መደበቅሽ ብቻ አይደለም፤ የደበቅሽበት ምክንያት ነው። እህትሽን ጠየቅኳት። ካወቀ ከቤት ያስወጣታል ብለሽ ፈርተሽ እንደነበር ነገረችኝ። ቃሌ ከባድ ነው፤ አልክድም፣ አላለዝበውም። ግን የልጄን ልጅ? ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ይኼን ከእኔ ጠበቅሽ።

ነርሷ እንዳለችው ልጆች ነፍስ ሲያውቁ ቀስ እየተባለ ሊነገራቸው ይገባል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን የራሳቸው ያደርጉታል። ለመዲና ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልተረፈላትም። እናቷ በምን እንደሞተች፣ እሷ ራሷ ምን እንዳለባት፣ አንቺም ምን ብለሽ እንደዋሸሻት በአንድ ቀን ሰማች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሷ ያሉ ወጣቶች ለብቻቸው የሚገናኙበት ክፍል አለ። ሁለቴ ሄደች። አንዴ ስትስቅ በመስኮት አየኋት። ከዚያ የሰፈራችን ልጅ በሩ ላይ ስላየቻት ዳግመኛ አልሄድም አለች።

ማታ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ክኒኗን እሰጣታለሁ። ጥቂት ሰንብቶ ዶሮዎቹ ከቤቱ ጀርባ ሲጭሩ ክኒኖቹን ከአፈር አወጧቸው። ከምላሷ ሥር እያቆየች ትተፋቸው ኖሯል። ጮህኩ። የጮህኩት ግን እንደ ሁልጊዜው ባንቺ ላይ ነበር፤ የገደለችሽ አያትሽ ናት አልኳት።

«አባባ፣ እማዬን በሰደብክ ቀን አልውጥም» አለችኝ፤ ዛሬም እማዬ ነው የምትልሽ። «እሷ የሰጠችኝን ስውጥ ደህና ነበርኩ።»

ጎንበስ ብዬ ክኒኖቹን ከዶሮዎቹ እግር ሥር ለቀምኩ።

መድኃኒቱ ተቀይሮላታል፤ ስላቋረጠችው የበፊቱ ከእንግዲህ አይሠራላትም። ይኼኛውም እምቢ ካለ ምን ይቀራል ብዬ ነርሷን ብጠይቃት ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ በዚህ ቤት የተዋሸው ይበቃል። መዲና ፊቷን ወደ ግድግዳሽ አዙራ ትውጣለች። ከዚያ ሳልጠይቃት አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። ሳሉ ግን ከደረቷ አልወጣም፤ እሷ ትስላለች፣ እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደርገዋለሁ።

በዱኣዬ አልረሳሽም፤ ጁምዓ ጁምዓ ከመቃብርሽ አልቀርም። ይቅር ግን አላልኩሽም፤ ይቅርታ በግድ አይወጣም። አሁን ዜናው ሊጀምር ነው፣ ልጅቷም ውኃዋን ይዛ ቆማለች። በደልሽን ከዚህ መስመር በኋላ በአፌም በእጄም አላነሳውም፤ ለእሷም፣ ለእህትሽም፣ ላንቺም።