በዓይነት የተዋጣው ገመድ

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ተማሪዎችሽስ፣ ያ ከፊት ተቀምጦ የሚያንቀላፋው ጭምር፣ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ማለት ወግ ነውና ደህና ነኝ። ከእንቅልፍ ጋር ብቻ ተጣልተናል።

ድልድዩ ቅዳሜ ሲመረቅ ስልሳ ልጆች አሰልፌ፣ እያስዘመርኩ ከማዶ ወደ እናንተ እሻገራለሁ ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ የጻፍሽበት ድልድይ ነው፤ ብትደሰቺ አይፈረድብሽም። ግን እባክሽ ቁጭ በይና ስሚኝ።

የድልድዩ ለጋሾች ከወጪው ከመቶ ሰባውን እንሰጣለን፣ ሠላሳውን የልማት ቢሯችሁ ይሙላ ነው ያሉት። ማቺንግ የሚሉት ጣጣ ይኸው ነው፤ ድርሻህን ካላዋጣህ የእነሱም አይመጣም። አለቃችን፣ በሌለበት "አቶ ችግር የለም" የምንለው፣ ያላንኳኳው በር የለም። ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ ማዘጋጃ ቤቱም እናያለን አሉት። የመዋጮው ቀነ ገደብ ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው እኔ ወደምጠብቀው ዕቃ ግምጃ ቤት መጣ። ጥግ ላይ የተጠቀለለ የብረት ገመድ ነበር፤ ከተዘጋው የድንጋይ ካባ የተረከብነው፣ ሃያ ዓመት ድንጋይ ሲጎትት የኖረ። ድመት ትወልድበት ነበር። በእግሩ ነካ አደረገውና፣ ገንዘብ ከሌለ በዓይነት ማዋጣት ይፈቀዳል አለ። ለወረቀት ብቻ ነው፣ አንድ ሜትር ከዚህ አይወጣም፣ ችግር የለም ተባለ። ለለጋሾቹ በሚሄደው ቅጽ ላይ "አዲስ" ተብሎ ተጻፈ። ሠላሳውም ሞላ። ያን ዕለት ቢሮው ውስጥ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ምሰሶዎቹ ሲቆሙ የለጋሾቹ ተቆጣጣሪ መጣች። ትሁት ሴት ናት። በመዋጮ የተመዘገበ ዕቃ ሥራው ላይ መታየት አለበት፣ ካልታየ የሰጠነውን እናስመልሳለን አለች። እውነቷን ነው። በሳምንቱ ገመዱ በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈገ፣ ብርማ ቀለም ተቀባ፣ ድልድዩን እንዲሸከም ከምሰሶ ምሰሶ ተወጠረ። እሷም ፎቶ አንስታ ሄደች።

ገመዱን የወጠረው በያጅ በማግስቱ መሣሪያውን ሰብስቦ ሊሰናበተኝ መጣ። ለምን ትሄዳለህ ብለው፣ ማዶ ዘመድ አለሽ ወይ ብቻ አለኝ። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ገመዱን አየሁት። ከቀለሙ ሥር ቡናማ ውሃ ይወርዳል። አንዱ ክር ተበጥሶ ጫፉ ቀና ብሏል። እዚያው ቆሜ ሁለተኛው ሲበጠስ ሰማሁ። ድልድዩ ላይ ሰው አልነበረም፤ ነፋስ ብቻ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን ዘጋና፣ ይህ ከተሰማ ገንዘቡ ይመለሳል፣ በእነሱ ገንዘብ ሊሠሩ የታሰቡት ጤና ጣቢያውም ወፍጮውም ይቀራሉ፣ ከሁላችን በፊት የምትታሰሪው አንቺ ነሽ፣ ሆድ ይፍጀው አለኝ። ችግር የለም ሳይል ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

እታለም፣ ልጆቹን አታሻግሪ። ኩፍኝ ገባ በያቸው፣ የፈለግሽውን ዋሺ። ግን አውቅሻለሁ፤ መዋሸት አትችዪም፣ እኔን ካላመንሽ ደግሞ ራስሽ ከፊት ሆነሽ ትሻገሪያለሽ። ያንቺ ልጆች ቢቀሩም የሌላው ልጅ ይሻገራል።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት አያይዤልሻለሁ። አንዱ ገመዱን ስንረከብ የተሞላው ነው፤ "አሮጌ፣ የዛገ፣ ለአገልግሎት የማይውል" ይላል። ሌላው ለለጋሾቹ የሄደው ቅጽ ግልባጭ ነው። የተቆጣጣሪዋ ስልክ ቁጥር ከጀርባው አለ። እኔ አራት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ፈሪ ነኝ። ሁለቱን ወረቀት የሞላው እጅ አንድ ነው። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ትለዪዋለሽ። ስትለዪው እንዳትራሪ።

ደብዳቤውን ጀልባ ቀዛፊው ዛሬውኑ ያደርስልሻል። አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ተማሪዎችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ስትደውዪ ድምፅሽን ያጽናው። እንደ እስከዛሬው ማዶ ለማዶ ያቆየን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ