መጠየቅ የማይችል ድምፅ

የካቲት 3

ከሥራ ስወጣ፣ ከመነጽር ቤታችን ሁለት በር አልፎ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ በእጁ ጠራኝ። «ያልሽው ዕቃ መጣ።»

ሲንተሳይዘር! በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከተበተነ የሙዚቃ ቡድን ንብረት ውስጥ የተገኘ። ሠላሳ ሰባት ማዞሪያ አለው፣ አምስት ቁልፍ ጎድሎታል። ተሸክሜው አራት ፎቅ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሌንስ ሲሞርድ የዋለ ክንድ… አሁን እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ።

ሰካሁት። ዝም። አንዱን ማዞሪያ ነካሁ… ዝም። ሌላውን ነካሁ፣ ቤቱ አጓራ።

አባባ የሚናገርበትን መሣሪያ፣ ማናገሪያውን፣ አንገቱ ሥር እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ቤት ውስጥ ላም አስገባሽ» አለ።

ጥያቄ ይሁን ክስ አልገባኝም።

የካቲት 5

ዛሬ የገባኝ፦ ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው። ኦስሌተር የሚባለው ክፍል ኤሌክትሪኩን ያወዛውዘዋል። ቶሎ ቶሎ ካወዛወዘው ድምፁ ይቀጥናል፣ ቀስ ካለ ይወፍራል። በቃ። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት መኖር ነበረብኝ?

በትርፍ ጊዜዬ ለምጽፋት የጠፈር መርከብ ታሪክ ድምፅ ልሠራላት ነው። በሩ ሲከፈት «ሽሽሽ» እንዲል። እስካሁን ያገኘሁት፦ ላም፣ የተናደደ ዝንብ፣ የሚያንኮራፋ ሰውዬ።

አባባ ከታሪኬ ሁለት ገጽ አነበበ። «የመነሻ ሰዓቱ አልተጻፈም» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ላይ የሠራ ሰው ሌላ ምን ይላል። ከተማው ሁሉ በሱ ድምፅ ሻንጣውን አንስቶ ሮጧል። እኛም ቤት ውስጥ ስንሮጥ ነው ያደግነው። «ምሳ ደርሷል። እጅ ያልታጠበ ይቀራል።»

የካቲት 9

አባባ በቀዶ ጥገና ጉሮሮው ከተቆረጠ ስምንት ወሩ። ሐኪም ቤት የሰጡት ማናገሪያ የጢም መላጫ ያህላል። አገጩ ሥር ይለጥፈዋል፣ ቁልፉን ሲጫነው ይነዝራል፣ አባባ ንዝረቱን በአፉ ቃል ያደርገዋል። ተአምር ነው። ግን ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል… ቀጥ ያለ መስመር።

በአማርኛ ደግሞ «መጣህ» እና «መጣህ?» የሚለዩት በምንድን ነው? በድምፃቸው ጅራት ብቻ! አባባ ጅራት የለውም።

ዛሬ ደረጃ ላይ የሦስተኛ ፎቋን ጎረቤት አገኛትና «ቤቱን ልትለቁ ነው» አላት። ካርቶን ተሸክማ አይቶ መጠየቁ ነበር። እሷ ሴትዮ ካርቶኑን ጥላ አከራይዋ ዘንድ እያለቀሰች ሄደች። ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አከራይዋ እስካሁን አባባ ባለሥልጣን ይመስለዋል።

የካቲት 14

ፊልተር! ከኦስሌተሩ የወጣውን ጥሬ ድምፅ ከፊሉን ያሳልፋል፣ ከፊሉን ያስቀራል። ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ ሳደርገው «ዋው፣ ዋው» አለ። አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ማለት ነው። ቆይ… ማናገሪያው ኦስሌተር፣ አፉ ፊልተር። አባቴ ሲንተሳይዘር ነው!

ሮጬ ነገርኩት።

«አንቺ ነሽ» አለኝ። ተቀየመ።

የካቲት 17

ጋሼ ሞቱ። የአክስቴ ባል። ከሰኞ ጀምሮ ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አባባ ከስልኩ ዞሮ «ሞተ» አለኝ። እንባው አገጩ ላይ ወርዶ ማናገሪያውን አርሶታል።

መጻፍ አልቻልኩም።

የካቲት 18

ጋሼ አልሞቱም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ አለበለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም።

ትናንት አባባ አክስቴ ጋ ደወለ፤ እንዴት ዋለ ብሎ ሊጠይቅ። አክስቴ ጉንፋን ይዟታል። አፍንጫዋ ተዘግቶ «አቤት» ስትል የምታለቅስ መሰለው። ደነገጠና «ሞተ?» አላት። ማናገሪያው ግን «ሞተ።» አለ። ሆስፒታሉ ቅጽ ላይ የሞላነው ስልክ የኛ ቤት ነው፤ ስለዚህ አክስቴ ለሱ ተነግሮት የሚያረዳት መሰላት። ጮኸች። አባባ ጩኸቷን ሲሰማ «በቃ፣ እውነት ነው» አለ። እሱ ከሷ ሰማ፣ እሷ ከሱ ሰማች። ሆስፒታል የደወለ አንድም ሰው የለም! ለምን ይደወላል? ሁለት እማኝ አለ።

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ደጅ ወንበር ተደርድሯል። ጥቁር የለበሰ ዘመድ ግጥም ብሏል። የጋሼ ፎቶ፣ ጺማቸው ገና ጥቁር የነበረ ጊዜ የተነሱት፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ትልቁ ልጃቸው አስከሬን ሊያመጣ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። የክፍሉን ቁጥር ሲናገር «እሳቸው ወጥተዋል» አሉት። የወጡት ወደ አስከሬን ክፍል መስሎት በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ።

ጋሼ ለካ በጠዋት አሰናብተዋቸዋል። ጠጠራቸውን በብልቃጥ ይዘው፣ ታክሲ ተሳፍረው መጡ። ሰፈር ሲደርሱ ወንበሩን አዩ። ከኋላ የተቀመጠውን ሰውዬ «ማነው የሞተው?» አሉት። የማያውቃቸው ሰው ነው፤ «የዚህ ቤት አባወራ» አላቸው። ጋሼም አጠገቡ ቁጭ አሉ።

ቁጭ አሉ! ድሮ አብሯቸው የሠራ ሰው ቆሞ ስለሳቸው እየተናገረ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው እስኪጨርስ ሰሙ። «በስድሳ ዓመታቸው በጡረታ ተገለሉ» ሲል ብቻ አልቻሉም።

«ሃምሳ አምስት» አሉ ከኋላ። «በፈቃዴ ነው የወጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አያስፈልግም። የወንበር ድምፅ። ብዙ የወንበር ድምፅ።

አክስቴ መጀመሪያ ባሏን አቀፈች። ቀጥሎ አባባን ፈልጋ፣ ከፊቱ ቆማ፣ «ውጣልኝ» አለችው።

የካቲት 19

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼን «ሟች» ይላቸዋል። ልጆቻቸውም ጀምረዋል። «ሟች ምሳ በሉ?» «ሟች ተኝተዋል።»

የካቲት 24

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። «ጠየቀ» የሚሉ እና «አስታወቀ» የሚሉ። የአጎቴ ልጅ ሁለቱንም ወገን እየዞረች ታመላልሳለች፤ ሥራ የላትም እንዴ?

አክስቴ ስልክ አታነሳም። አባባ ማናገሪያውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። አሁን በብጣሽ ወረቀት ነው የምንኖረው። «10:30። ሻይ።» «መብራት ይጥፋ።» ትናንት ሙሉ ቀን አንድ ወረቀት ብቻ፤ «ሁለት ነበርን የቀረነው።» እሱና አክስቴ ማለቱ ነው። ከስድስት እህትና ወንድም።

ሲንተሳይዘሩን አልከፈትኩም። በምን አፌ።

መጋቢት 2

ስሞርድ ሐሳብ መጣልኝ። ደንበኛው ፊት ሌንስ ጣልኩ።

ሲንተሳይዘሩ ላይ ቁልፍ ስጫን የሚሆነው ምንድን ነው? ለኦስሌተሩ ትንሽ ቮልቴጅ ይደርሰዋል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። የማናገሪያውም ኦስሌተር ነው። ደደብ ኦስሌተር፣ ግን ኦስሌተር። ታዲያ ከፍና ዝቅ እንዳይል የከለከለው ማነው?

የማነባቸው የጠፈር መጻሕፍት ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ እንደ ዘፋኝ ነው የሚያወሩት። አንዱም ደራሲ እንዴት እንደሚጠይቁ አልጻፈም!

መጋቢት 6

አባባ ሲያንቀላፋ ቁልፉን ከኪሱ ወሰድኩ። አዎ፣ ሰረቅኩ።

ጠጋኙ ጋ ከፈትነው። ከመሃሉ የጤፍ ፍሬ የማታክል፣ ኤሌክትሪኩን የምትገታ ሬዚስተር አለች፤ የድምፁን ቅጥነት ቆርጣ የያዘችው እሷ ናት። ጠጋኙ በአጉሊ መነጽሩ አይቷት አይቷት «ይህቺ ናት ሰው የገደለችው?» አለ።

እሷን አላነሳናትም። ጎኗ ሌላ ጨመርን፤ ጠፍጣፋ፣ በጣት ሲጫኗት መጠኗ የሚለዋወጥ። ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ የተፈታች ናት። ጠበቅ አድርገው ሲጫኗት ድምፁ ይወጣል፣ ሲለቋት ይወርዳል። የሰው ጉሮሮ ነው የምበይደው…

መጋቢት 7

አባባ አወቀ። ወረቀት፦ «ሌባ ከነዕቃው ይቅረብ።»

ቀረብኩ። አስረዳሁ። አልሰማም አለ። ማናገሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ሳልርቅ ከበስተኋላዬ አንድ ነገር ሽቅብ ጮኸ፤ «ደህና ዋይ» የሚለው ቃል መጨረሻው ፉጨት ሆነ። የመንገዱ ውሾች ሁሉ መለሱለት። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት መስኮት ከፍታ «እሳት ነው?» አለች።

ጣሪያ ያስፈልገዋል። ከዚህ በላይ አትውጣ የሚለው።

መጋቢት 8

አንድ ሬዚስተር በተርታ ጨመርኩ። ፉጨቱ ቆመ። አባባ ግን አውራ ጣቱን መግታት አልለመደም። ሁሉ ነገር ጥያቄ ሆነ። «ስሜ እገሌ ነው?» «ዛሬ ረቡዕ ነው?» «እኔ አባትሽ ነኝ?»

ሳቅሁ። ሲናደድ ባሰው። «አትሳቂ?» አለኝ።

መጋቢት 15

ልምምድ። ጠዋትና ከሰዓት። ሲንተሳይዘሩ ላይ አንድ ድምፅ ይዤ ጅራቱን ወደ ላይ ሳብ አደርጋለሁ፣ አባባ በማናገሪያው ይከተለኛል። «መጣ።» «መጣ?» «በላ።» «በላ?» አንድ ቃል አንልም፦ ያቺን ቃል።

ዛሬ እሱው አነሳት። «ሞተ?» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። አጀማመሩ፣ አወጣጡ… ልክ ሰው ሲፈራ እንደሚለው። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር ልብሱን ጠየቀኝ። አክስቴ ጋ ሊሄድ።

መጋቢት 19

ሄድን። ሁለቱም ወገን ተጠርቷል። ሟች ትልቁ ወንበር ላይ፣ የጠጠር ብልቃጣቸው አጠገባቸው። አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮት።

አባባ ቆመ። እንደ መናኸሪያው ዘመን ደረቱን ነፋ።

«ሞተ።» አለ። ከዚያ፦ «ሞተ?»

የአጎቴ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሁለተኛውን ነበር ለማለት የፈለገው!»

«እኔ የሰማሁት አንደኛውን ነው» አለች አክስቴ።

«ያኔ መሣሪያው ሁለተኛው አልነበረውም» አልኩ እኔ።

«እስቲ እኔው ላይ ሞክረው» አሉ ሟች።

አባባ ዞረባቸው። «ሞትክ?»

ሟች ትንሽ አሰቡ። «ገና ነኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ከመስኮቱ ዞረች።

«መሣሪያውን ተወው» አለችው። «ጉሮሮህ ጤና ሳለስ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ስታገባ አስታወቅከኝ። የአባታችንን ቤት ስትሸጥ አስታወቅከኝ። ስትታመም እንኳን፣ 'ሐሙስ እቆረጣለሁ' ብለህ ስልኩን ዘጋህ። ታዲያ 'ሞተ' ስትለኝ፣ ከየት አምጥቼ ጥያቄ ነው ልበል?»

አባባ ማናገሪያውን አነሳ፣ አወረደ፣ አነሳ። አውራ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ድምፁም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ።»

«አሁንም?»

አክስቴ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «እስከ ሐሙስ» አለች።

መጋቢት 23

ሐሙስ። አክስቴ በጠዋቱ ደወለች። አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ። እሱ አስራ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ቆጠርኩ።

መጋቢት 27

አሁን ማን ያስቁመው? የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ኮቴውን ስትሰማ በሯን ትዘጋለች፤ ትናንት ስለ ባሏ ኩላሊት ሁሉ ጠይቋታል። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሲሄድ ንግግር የምታስተምረው ነርስ ማናገሪያውን ገልብጣ አየችው። «ማን ነካካው?» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ለስድስት ሰዎች እንድሠራላት ለመነችኝ። ጠጋኙ መጫወቻ እየፈታ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር አባባ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን» አለ።

«የትኛውን አባባ?»

«ስቆረጥ። ውጭ ነበርሽ።»

ነበርኩ። ስድስት ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ፣ አንድ የመጽሐፍ ገጽ ደጋግሜ እያነበብኩ። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

«ፈርተሽ ነበር?»

ጅራቱ በጣም ሽቅብ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። አልሳቅሁም።

«አዎ» አልኩት።

አውራ ጣቱን አላላ። «እኔም» አለ። ቀጥ ባለው፣ በድሮው ድምፅ።

ከዚያ ሌላ ነገር ጀመረ፣ ባትሪው አለቀ። አላቆመም። አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ባትሪ ልፈልግ ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ። ተቀመጥኩ። ምን እንዳለ አላውቅም… ረጅም ነበር። እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

ሥራ አርባ ደቂቃ አረፈድኩ። አለቃዬ ሰዓቱን እያሳየኝ ምን ሆነሽ ነው አለ።

«አባቴ እያወራኝ ነበር» አልኩት።