በኮትዎ የውስጥ ኪስ ስላለው ስም

ሰኔ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.
ቡራዩ

ለተከበሩ የምርጫ ክልላችን የሕዝብ ተወካይ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከሾፌርዎና ከጸሐፊዎ ጋር ፍጹም ጤና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ከመርፌና ከክር ጋር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስምዎን ከላይ ሳልጽፍ የቀረሁት ከንቀት አይደለም፤ ሰውን በስሙ መጥራት በተከበረው ምክር ቤት ነውር መሆኑን ከእርስዎ ስለተማርኩ ነው።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ከገበያው መውጫ በቆርቆሮ ሱቅ ልብስ የምሰፋው ውባንቺ ነኝ። ከምርጫው በፊት ግራጫ ኮትዎን የሰፋሁልዎ፣ ከምርጫው በኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወገቡን ያሰፋሁልዎ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስኮት ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ድረስ ያመጣኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው በክብር ስለተቀመጡ ነው፤ ሦስተኛው እንዳያጨናንቃቸው ፈርቻለሁ።

ግንቦት ላይ በቀጥታ ሥርጭት ተነሥተው ስለ ጸጥታ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሕዝብ አገልግሎት መንግሥትን በመጠየቅዎ ልባዊ ምስጋናዬን ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ስለጨረሷቸው፣ የቀረውን እኔ በዝርዝር ልሙላ።

አንደኛ፣ ጸጥታ። ባለፈው ታኅሣሥ በማስተር ፕላኑ ምክንያት ከተማው ሲናወጥ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ታክሲ በመጥፋቱ ባለቤቴ ኩምሳ ከሚሠራበት የብረታ ብረት ቤት በእግሩ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። አብሮት የነበረው የጎረቤታችን የራቢአ ባል ሙሐመድአሚን ነው። ሁለቱንም በአንድ ፒክአፕ ጭነው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ ራቢአና እኔ ወደታሰሩበት ፖሊስ ጣቢያ ስንቅ በፈረቃ እናመላልስ ጀመር፤ አንድ ቀን እሷ የኩምሳን የጾም ወጥ ከራሷ ባል ምሳ ጋር ይዛ ትሄዳለች፣ በማግስቱ እሷ የሠራችውን እኔ አደርሳለሁ። እንዳይቀያየር በምሳ ዕቃዎቹ ክዳን ላይ ስማቸውን በምስማር ጭረን ነበር። መጋቢት ላይ ግን ሁለቱም ምሳ ዕቃዎች እንደሞሉ ተመለሱ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ተዛውረዋል አለን፤ ወዴት ብለን ብንጠይቀው እሱም ለማወቅ እንደሚፈልግ በትሕትና ነገረን።

ሁለተኛ፣ ፍትሕ። ኩምሳ እስከዛሬ አልተከሰሰም፣ ዳኛ ፊትም አልቀረበም። ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ሲነገር ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ፕላኑ ከቀረ በፕላኑ ሰበብ የተያዘ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል ብዬ በማሰቤ ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የሕግ ትምህርት የለኝም። የኩምሳ እናትም የላቸውምና ከተፍኪ ከተማ በየማለዳው እየደወሉ «ኩምሳን ኤሳ ጅራ?» ይሉኛል። ልጄ የት ነው ያለው ማለታቸው ነው። እናት ናቸውና በሂደት ላይ ነው የሚለው መልስ አይገባቸውም።

ሦስተኛው ስለ አገልግሎት ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አስቀድሜ ምቀኛ መሆኔን መናዘዝ አለብኝ። ራቢአንና እኔን የሚለየን አንድ መንገድ ብቻ ነው። ወዲያ አዲስ አበባ ነው፣ ወዲህ ቡራዩ። ወዲያ ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፣ ወዲህ ሲያሻው። የኛ መብራት ሲጠፋ የእነሱ በመስኮት ይታየኛል። ይህን ሁሉ ስምንት ዓመት ያለ ቅሬታ ኖሬበታለሁ። የቀናሁት በተወካያቸው ነው።

ያቺ ሴት ሚያዝያ ላይ ተነሥታ፣ ስለ ተሰጣት ዕድል እንኳ ሳታመሰግን፣ ሙሐመድአሚን የሚባል መራጬ የት ነው የታሰረው ብላ ጠይቃ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በዘጠነኛው ቀን ሙሐመድአሚን ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሁለት እግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ። እኔም ከሁሉ ቀድሜ እልል አልኩ፤ ልቤ ግን አብሮ አላለም። ደጃፏ ላይ ጫማውን ሳይ ቀናሁ። ሲያስል ሰምቼ ቀናሁ። ባለፈው ሳምንት ቧንቧውን ከፍቶ በመተዉ ስትቆጣው ሰምቼ፣ የምትቆጣው ባል ስላላት ብቻ ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ነገር ቀንቼ አላውቅም ነበር፤ ይህን አዲስ ጠባይ ያስለመዱኝ ክቡርነትዎ ነዎት።

ሙሐመድአሚን ታዲያ ዓይኔን ማየት እያፈረ አንድ ነገር ነገረኝ። ከጣቢያው ሲዛወሩ በተሸፈነ መኪና ስለተወሰዱ የነበሩበትን ቦታ አያውቀውም። እንዲወጣ ስሙ ሲጠራ ግን ኩምሳም አብሮት ተነሣ፤ ጥሪው ለሁለቱም መስሎት። ሙሐመድአሚን በሩ ጋ ደርሶ ዞር ሲል ኩምሳ የሱን ስም እየጠበቀ እንደቆመ ነበር።

እንግዲህ ኮትዎን ለሁለተኛ ጊዜ ላሰፋ ስለካ የነገርኩዎ ይህንኑ ነው። ሆድዎን ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሽዎን ስለያዙ መመለስ አልቻሉም፤ ሜትሩን ሳነሣ ግን ጉዳዩ በሂደት እንደሚታይ አረጋገጡልኝ። እኛ ልብስ ሰፊዎች የማን ልብስ እንደሆነ እንዳይጠፋን ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በስፒል እንይዛለን። እኔም በዚሁ ልማዴ የኩምሳን ስም ጽፌ በውስጥ ኪስዎ አኖርኩ፤ ሲናገሩ እጅዎን ኪስዎ የመክተት ልማድ እንዳለዎት አውቃለሁና።

የግንቦቱን የጥያቄዎን ዕለት በኛ በኩል መብራት ስላልነበረ በቴሌቪዥን የተመለከትኩት እነ ራቢአ ቤት ነው። እጅዎን ኪስዎ ከተቱ። ወረቀቱን አወጡ። አነበቡት። ራቢአ እጄን ጨብጣ «ሊጠራው ነው፣ ወላሂ ሊጠራው ነው!» አለችኝ። እርስዎ ግን ወረቀቱን አጥፈው መለሱትና በዋናው አስፋልት ዳር የሚተከሉት ዘንባባዎች መቼ እንደሚደርሱ ጠየቁ። በዕለቱ በቂ መልስ ስለተሰጠዎ እንኳን ደስ አለዎት። ራቢአ እጄን አልለቀቀችም፤ ሙሐመድአሚን ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያም መንግሥት ያቀረበውን ሪፖርት ለማጽደቅ ከሁሉ ቀድመው እጅዎን ሲያነሡ የኮትዎ ብብት ተተረተረ፣ የፊቱም ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። በማግስቱ ሾፌርዎ ኮቱን ይዞ ሲመጣ፣ ወረቀቷ እንደታጠፈች በኪስዎ ውስጥ አገኘኋት። ስላልጣሏት አመሰግናለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የማመሰግንበት ፈልጌ አጣሁ።

ዘንባባዎቹ ለምልመው፣ ጥላቸው ለክቡርነትዎ መኪና ማረፊያ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሰጡን የማይቋረጥ ዝምታ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ድምጿን የሰጠችዎና እስካሁን ያልተመለሰላት
ውባንቺ፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ኮትዎ ተሰፍቶ ደርሷል። ወረቀት ተመልሶ ኪስ እንደሚገባ ስላየሁ፣ በዚህኛው ጊዜ የኩምሳን ስም ከነአባቱ በግራ በኩል ገበሩ ላይ በቀይ ክር በትልቁ ሰፍቼዋለሁ፤ ሊተረትሩት ቢሞክሩ ገበሩ አብሮ ይቀደዳል። የወደቀውን ቁልፍ ደግሞ አልመለስኩትም፤ ስለዚህ በዚህ ወር መጨረሻ በጀቱን ለማጽደቅ እጅዎን ሲያነሡ ኮቱ ይከፈታል፣ እርስዎ ባያነቡት ካሜራው ያነበዋል። ሳይለብሱት ቢቀሩም ለምን እንደቀሩ በመስኮቴ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ጊዜ ቢጠሩት ይቀላል፤ ኩምሳ እንደሆነ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።